ስለቱ አይደለም ጥፋተኛው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ዘላችሁታል። ዕጢው ወጥቶ ካለቀ በኋላ በሽታው ለምን ይመለሳል? እናንተ ካልነገራችሁን ሰፈር ይነግረናል። የሰፈሩን መልስ ደግሞ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ «የሐኪም ስለት ነክቶት ነው፤ ባይነካ ኖሮ አርፎ ይተኛ ነበር።» ይህን ብለው ከቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የካንሰሩ ሴሎች ከአንጀት የሚያመልጡት ሐኪሙ ጋ ከመድረሳችን በፊት ነው። ከአንጀት የሚነሳው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ብዙዎቹ እዚያ ይቀራሉ። ጥቂት ሲሆኑ ሲቲ ስካንም አያያቸውም። በ2022 የባርሴሎናው ተመራማሪ ኤድዋርድ ባትዬና ባልደረቦቹ በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት የእነዚህን ሴሎች ዱካ ተከትሏል። አይጦች ላይ የአንጀት ዕጢ አሳደጉ፣ እንደ ሰው በቀዶ ሕክምና አወጡት፣ ከዚያ ጉበት ውስጥ ምን እንደቀረ አዩ። ካንሰሩን መልሰው የሚያስነሱት ኢኤምፒ1 የሚባለው ጂን ጎልቶ የሚሠራባቸው ሴሎች ሆነው ተገኙ። እነሱን በጂን ዘዴ ሲያጠፏቸው አይጦቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሽታው አልተመለሰባቸውም። ልብ በሉ፣ ስለቱ ያው ስለት ነው! የተለየው የሴሎቹ መኖርና አለመኖር ብቻ ነው።

በእርግጥ አይጥ አይጥ ነው። ነገ ፋርማሲ ሄደን የምንገዛው ነገር አልተገኘም።

ሰው ላይ የተሠራም አለ። በ2025 ውጤቱ የወጣው ቻሌንጅ የተባለው ጥናት 889 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማንን ይዟል። ሁሉም ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም የጨረሱ ናቸው። ግማሾቹ ለ3 ዓመት አማካሪ ተመድቦላቸው ስፖርት ሠሩ፤ ለሌሎቹ የጤና ምክር ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። ከ5 ዓመት በኋላ ያለ በሽታ የቆዩት ከስፖርተኞቹ ከመቶ 80፣ ከሌሎቹ 74 ነበሩ። ስፖርት ሲባል ጂም አይምሰላችሁ፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። እኛ ቤት ግን ኬሞ የጨረሰ ሰው ከአልጋ ሊነሳ ሲል «ኧረ ተው፣ አትድከም!» ይባላል። በፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ሐኪሙ ከፈቀደ ይራመድ፣ ተዉት።

ሌላው ክትትሉ ነው። በሽታው ከተመለሰ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ውስጥ ነው። ሲኢኤ የሚባለው፣ ካንሰሩ ሲመለስ ደም ውስጥ ሊጨምር የሚችል ፕሮቲን የሚለካው የደም ምርመራ በየጥቂት ወሩ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ጉበት ላይ የወጣው ቶሎ ከተደረሰበት ተቆርጦ የሚወጣበት ጊዜ አለና «ተመልሷል» ሲባል ሁሉም ነገር አብቅቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ደህና ነኝ ብሎ ቀጠሮውን ይተወዋል፤ ብሩም አለ፣ የክፍለ ሀገር መንገዱም አለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ሲኢኤ የት የት እንደሚሠራና ስንት ብር እንደሚያስከፍል አጣርታችሁ ብታወጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ