ለወገብ ሕመምተኛ «ብረት ማንሳቱን ይተዉት» ማለት ብቻ አይበቃም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የወገብ ሕመም እየተመላለሰ የሚያስቸግራቸው፣ ሕመሙም ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ጀርባና በባት በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርድባቸው ብረት አንሺዎች ከሐኪምም ሆነ ከወዳጅ አብዝተው የሚሰሙት ምክር «ከእንግዲህ ይተዉት» የሚል ነው። ምክሩ ከቅንነት እንደሚመነጭ አልጠራጠርም። ሆኖም እኔን ጨምሮ ከዚህ ሕመም ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ጎደሎ ምክር ስለሆነ፣ በጤና ዓምዳችሁ ጉዳዩን ሰፋ አድርጋችሁ እንድታዩት በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ሲሆን፣ ከአከርካሪ የታችኛው ክፍል በሚወጡ የነርቭ ሥሮች ይሠራል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ወጥቶ ከእነዚህ ሥሮች አንዱን ሲጫን ወይም ሲያስቆጣ፣ ሕመሙ ወገብ ላይ ሳይወሰን እግር ድረስ ይዘልቃል። ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ላይ ነው። ሕመምተኛው በኤምአርአይ ውጤቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል ሲያነብ ወገቡ ለዘለቄታው የተሰበረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ሲመረመሩ፣ ገና በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት እንኳ 30 በመቶ ያህሉ ወጣ ያለ ዲስክ እንደሚገኝባቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ቅኝት አሳይቷል። ከቦታው የወጣው የዲስክ ክፍል ብዙ ጊዜ በራሱ እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆን፣ አብዛኛው ሳያቲካ፣ ማለትም በዚህ ነርቭ መስመር ወደ እግር የሚወርደው ሕመምም፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል። ይህን ለሕመምተኛው ገና በመጀመሪያው ቀን መንገር የሕክምናው አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከሚደግፋቸው ሕክምናዎች አንዱ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው። ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ግን ጡንቻን ያደክማል፤ ፍርሃትንም ያባብሳል። ስለዚህ ጥያቄው መንቀሳቀስ ይገባል ወይስ አይገባም ሳይሆን፣ ምን ያህልና እንዴት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር፣ መመዘኛው ከወገቡ ይልቅ እግሩ መሆኑ ነው። ከአንድ እንቅስቃሴ በኋላ ሕመሙ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ የወገቡ ሕመም ለጊዜው ትንሽ ቢብስበትም እንኳ ብዙውን ጊዜ መልካም ምልክት ነው። ወደ ታች ከወረደ፣ ወይም በማግስቱ ጠዋት እግሩ ከወትሮው ይበልጥ ከወረረውና ከደነዘዘው ግን መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ያኔ ሁሉንም ከመተው ይልቅ ክብደቱንና ድግግሞሹን መቀነስ፣ ዴድሊፍቱን (ብረቱን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆምን) ከመሬት ሳይሆን ከፍ ካለ መደገፊያ ላይ መጀመር፣ ትከሻ ላይ ከሚጫን ብረት ይልቅ ቀላል ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ይዞ አንዱን እግር በማስቀደም ቁጭ ብድግ መሥራት፣ ጀርባን የሚያሠሩ ስበቶችንም ደረትን አግዳሚ ላይ አስደግፎ መሥራት ይቻላል። ሌሊት ዲስኮች ውኃ ስበው ስለሚያብጡ ከእንቅልፍ እንደተነሡ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ማንሳት ለወገብ ይከብዳል፤ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መቆየት ይበጃል። ትንፋሽን አምቆ መግፋትም በዲስክ ላይ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር፣ ሕመሙ በተነሣበት ወቅት ብረቱን ሲያነሱ ትንፋሽን ማውጣት ይሻላል።

በተለይ የማሳስበው አንድ ልማድ አለ። የጭን ጀርባ ሲወጠር ብዙዎች ጡንቻው አጥሮ መስሏቸው እግራቸውን ቀጥ አድርገው በኃይል ይስቡታል፤ አሰልጣኞችም ያበረታቷቸዋል። የሚወጠረው ግን አስቀድሞ የተቆጣው ነርቭ ሊሆን ስለሚችል፣ ለጊዜው ቀለል ያለ መስሎ ቆይቶ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። በዚህ ወቅት አጠር ያለ የእግር ጉዞን ደጋግሞ ማድረግ እጅግ የተሻለ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አደገኛ ምልክት በሌለበት ብቻ ነው። በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ፣ ሁለቱም እግሮች መዛል ከታየ ነርቮቹ በጽኑ ተጭነው ሊሆን ስለሚችል፣ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ግድ ነው። የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሣ ካለ፣ እንዲሁም ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ከሕመሙ ጋር ከመጣ በአስቸኳይ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ በዓምዳችሁ የሚጽፉ ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለስፖርተኛ አንባቢዎቻቸው የትኛው እንቅስቃሴ ለጊዜው እንደሚቆም፣ በምን እንደሚተካ፣ ምን ምልክት ሲታይ ክብደት መጨመር እንደሚጀመር ለይተው እንዲያስረዱ፣ አሰልጣኞችም አደገኛ ምልክቶቹን እንዲያውቋቸው ታደርጉ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንባቢያችሁ አንዱ