የእኛዎቹ ኩባንያዎችስ?

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ እማራለሁ። ኮርፖሬት ፋይናንስ (ኩባንያዎች ስለ ገንዘባቸው እንዴት እንደሚወስኑ የሚያስተምረውን ኮርስ) ስንማር ምሳሌዎቹ ሁሉ የአሜሪካ ናቸው። ቀመሩን እንሸመድዳለን፣ ፈተናውን እናልፋለን፣ አለቀ።

እዚሁ አገራችን ግን ስንት ትምህርት አለ! ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ «ዋጋው ተገቢ ነው ወይ?» ብለን ክፍል ውስጥ አላሰላንም። የወደፊት ገቢውን መገመት፣ የዋጋ ንረቱንና ስጋቱን አስገብቶ የዛሬ ዋጋውን ማውጣት ለተማሪ ትልቅ ልምምድ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። እኛ አሁንም ስለ ኒውዮርክ ገበያ እናጠናለን።

የሒሳብ መረጃን ለድርጅት የወደፊት ውሳኔ መጠቀምን የሚያስተምረው ስትራቴጂክ ማኔጅመንት አካውንቲንግም ያው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያስገባ ፋብሪካ የያዘው በጀት ተናጋ። የትኛው ምርት አሁንም ያዋጣል? ዋጋ ላይ ምን ያህል ይጨመር? ደንበኛስ ይሸሻል? ትምህርቱ እኮ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ ነው።

ውድ መምህራን፣ እባካችሁ የባንኮቻችንን ዓመታዊ ሪፖርት ይዛችሁልን ግቡ። ታትሞ የወጣ ነው፤ ማንም ያገኘዋል።

አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ