የሾፌሩን እንቅልፍ ሚስቱን ጠይቁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ እንቅልፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስልክ ከአልጋ ይራቅ፣ ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ ብላችኋል። ደግ ነው። ግን የጻፋችሁት እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ነው። የኛ ቤት ችግር ሌላ ነው። ባለቤቴ ትራስ ሲነካ ይወስደዋል። ጠዋት ግን ሲባንን እንዳደረ ሰው ሆኖ ነው የሚነሳው።

የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነው። ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይሰማል፤ እሱስ ይለመዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። ድምፁ ድንገት ቁርጥ ይላል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ይተነፍስና መልሶ ያንኮራፋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ሲነጋ ራሱን ያመዋል፣ አፉ ደርቆ ይነሳል። ከምሳ በኋላ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ሶፋ ላይ ያንቀላፋል።

ስነግረው «አባቴም ያንኮራፉ ነበር፣ ምን ሆኑ?» ይለኛል። በስልኬ ቀድቼ አሰማሁት። ሐኪም ቤት ለመሄድ የተስማማው ያኔ ነው። ሐኪሟም ቅጂውን ሰማችና ጥያቄዋን ወደ እኔ አዞረች፤ የተኛ ሰው ስለ ራሱ ምን ያውቃል? ስሊፕ አፕኒያ ሊሆን ይችላል አለች። ሲተኙ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላና የአየር መንገዱ ይዘጋል። ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል። አንጎል ለመተንፈስ ሲል ያባንነዋል፣ ሰውየው ግን መባነኑን አያስታውሰውም። ውፍረት፣ መጠጥና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ከደም ግፊትም ጋር ይያያዛል። የሱም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ሾፌር እንቅልፍ ሲመጣበት መድኃኒቱ ጫት ነው። ማታ ሚሌ ወይም ሎግያ ሲያድር ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይላል። ቢራው ጉሮሮውን ይባስ ያላላዋል፣ ትንፋሹ ይባስ ይቆራረጣል። በማግስቱ ድካሙ ስለሚብስ ጫቱ ይጨምራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዱ ለ3 ሰከንድ ሸለብ ማለት 50 ሜትር ያለ ሾፌር መሄድ ነው፣ ያውም ከነጭነቱ። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ አይመልሰውም። ዳር ይዞ ትንሽ መተኛት ነው የሚሻለው።

ጨብሲው ቀርቷል፣ ቢያንስ እኔ ባለሁበት። የልጃችንን የጨርቅ ኳስ የሌሊት ካናቴራው ጀርባ ላይ ሰፋሁለት፤ በጀርባው ሲገለበጥ ይቆረቁረውና ወደ ጎኑ ይመለሳል። ረዳቱ ሲስቅበት ነው የሚውለው አሉ። ይሳቅ። የማታውን ቡናም ወደ ቀኑ 8 ሰዓት አመጣነው። 11 ሰዓት ላይ ከተጠጣ ቡና ግማሽ ያህሉ ካፌይን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ገና ሰውነት ውስጥ ነው። አማቴ በዚህ አኩርፈውኛል።

ማንኮራፋቱ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ችግሩ ከባድ ከሆነ በጭንብል አየር የሚነፋው ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ተነግሮናል። ከዚያ በፊት ግን ሌሊት ተኝቶ የሚደረግ ምርመራ አለ። ተራ እየጠበቅን ነው።

መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዓይኑን አይተው ሸኙት። እንዴት ነው የምትተኛው ያለው የለም። የመኪና ባለንብረቶችም «ሌሊቱን ገስግሰህ ግባ» እያሉ ከመደወላቸው በፊት ይህን ቢጠይቁ ምን አለበት? እናንተ ደግሞ አንድ የአንገት በላይ ሐኪም አነጋግራችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉልን። ምርመራው የት የት እንደሚገኝና ስንት እንደሚያስከፍል ጭምር።

የሾፌር ባለቤት፣ ከአዳማ