ጉዳዩ፦ በሙቀት ጉልበት የሚያጣው መኪናዬ ሳይድን ስለተከፈለ ሂሳብ

ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

በጅቡቲ መስመር ከነተሳቢው የምትሠራ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ወደ ሞተሩ አየር አምቆ የሚገፋ ቱርቦ ያላት የጭነት መኪና አለችኝ። ሹፌሩም እኔው ነኝ። ግንቦት 14 ቀን ሳስገባላችሁ ችግሩን በቅጹ ላይ እንዲህ አስጽፌ ነበር፦ «ሌሊትና ጠዋት ደህና ናት። ጭና ስትመለስ፣ ከሎግያ ወዲህ ፀሐይ ሲበረታ፣ ዳገት እምቢ ትላለች። ጥቁር ጭስ ታጨሳለች። የውኃው ሙቀት ግን አይጨምርም።»

ከዚህ በላይ ምን ልንገራችሁ?

ባለሙያዎቻችሁ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ባዶዋን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አስነስተው ነዳጅ ረገጡ። ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም። ከዚያ ናፍጣውን ወደ ሞተር የሚገፋው «ፖምፓው ደክሟል» ተባለ። ፖምፓው ተፈታ፣ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ስድስቱም ኖዝሎች ተቀየሩ። 9 ቀን ቆማ 168,000 ብር ከፈልኩ። አሮጌዎቹን ኖዝሎች ስጠይቅ «ተጥለዋል» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያረጀ ፖምፓም ያኔ መግፋት ያቅተዋል። ግን እንደዚያ ቢሆን ነዳጅ ነው የሚያንሳት፤ ጥቁር ጭስ ከየት ይመጣል? ጥቁር ጭስ ነዳጁ አለ፣ አየሩ አነሰ ማለት ነው። ይህንን ረዳቴም ያውቀዋል። ደግሞ «ሙቀት ነው፣ ያለ ነው» እንዳትሉኝ። የሞቀ አየር ስስ መሆኑን፣ ትንሽ ጉልበት መቀነሱንም አውቃለሁ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ የሚያስንፏቅቅ ግን አይደለም።

ሰኔ 3 ቀን 400 ኩንታል ማዳበሪያ ጭኜ ስመለስ ያው ቦታ ላይ ያው ሆነች። እስኪመሽ ሚሌ ቆምኩ። በሌሊት እየነዳሁ አዋሽ ስደርስ አንድ መካኒክ አገኘሁ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እጁን ከሥር አስገብቶ የቱርቦውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ፣ ማኒኮቶውን፣ ዳሰሰው። በዘይት ርሷል፣ ልፍስፍስ ብሏል፣ ከታች በኩል ተሰንጥቋል። ጎማው ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይገጥማል። ሲሞቅና ጭነት ሲመጣ የቱርቦው ግፊት ይከፍተዋል፣ አየሩ ሜዳ ላይ ይቀራል። ማኒኮቶው ከሁለት ማሰሪያ ፋሸታ ጋር 7,500 ብር ፈጀ። በኢንተርኩለርና በራዲያተሩ መካከል የተጋገረውንም አቧራ አጠበልኝ። በዚያው ቀን 8 ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደጫነች አዳማ ድረስ ወጣች። ጭስ የለም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የፖምፓውን የፍተሻ ውጤት በወረቀት አሳዩኝ። በርግጥ ደክሞ ከነበረ የእሱን ሂሳብ አልከራከርም፤ ካልነበረ ይመለስልኝ። የኖዝሎቹን ዋጋና የእጅ ክፍያውን ግን ሙሉ በሙሉ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ መጥፎ ስለመሆናቸው የሚያሳይ አንድ ኖዝል እንኳ አላስቀራችሁልኝም።

እስከ ሰኔ 20 ድረስ አዲስ አበባ ነኝ። የተሰነጠቀው ማኒኮቶ ጋቢና ውስጥ ነው፤ ስትጠሩኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤትና ሹፌር