ወይኑን ለገጠር ምእመን ስናስተምር

የተወደዳችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በመንዝና በጅሩ አድማጫችሁ ለቅዳሴ የሚጨመቀውን ዘቢብ ያውቃል፤ የወይን ሐረግ ግን ብዙው አላየም። ስለዚህ ስለ ወይን ግንድና ቅርንጫፍ የሚናገረውን ዮሐንስ 15ን ከግርዛቱ፣ ማለትም ከቅርንጫፍ ቆረጣው፣ ጀምሩ። ፍሬ የሚይዘው ካለፈው ዓመት እንጨት የሚወጣ አዲስ ቀንበጥ ነው፤ ገበሬው ያንን እንጨት 2 ወይም 3 አንጓ አስቀርቶ ይቆርጠዋል። ካልተገረዘ ጉልበቱ በቅጠል ያልቃል፣ ዘለላው ይደቃል። አደራ፣ ግርዛቱን እንደ ቅጣት አታቅርቡት፤ ቁጥር 2 የሚገርዘው የሚያፈራውን ነው! የማያፈራው ተቆርጦ ይወገዳል፤ እንጨቱም ሕዝቅኤል 15 እንደሚለው ዕቃ መስቀያ እንኳ አይወጣውም።

ስለ ወይን ቦታው የሚዘምረውን ኢሳይያስ 5ን ለማስረዳት ድንጋይ ለቀማው ይበቃል፣ ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ቆላ ከወረዳችሁ በወይኑ ቦታ መካከል የተሠራውን ግንብ በማሽላ ጠባቂ ማማ አስመስሉት።