የዝውውር ደብዳቤ የሚፈራ ጠቋሚ በየትኛው አዋጅ ይጠበቃል? ለሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ ጠቋሚዎችና ጋዜጠኞች የሕግ ከለላ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሒሳብና በውስጥ ኦዲት ሥራ አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጋዜጠኛም አይደለሁም። ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ሙስና በተወራ ቁጥር «ኅብረተሰቡ ይጠቁም» የሚለው ጥሪ ስለሰለቸኝ ነው። ማን ይጠቁም? ጠቁሞስ ማን ጋ ይጠጋል?

በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ንብረት ክፍል የምትሠራ ባልደረባ ነበረችን። ለጽሕፈት መሣሪያ ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ተሰብስቧል። ድርጅቶቹ ሦስት፣ ማኅተሞቹም ሦስት ናቸው። ነገር ግን «ቶነር» (የማተሚያ ቀለም) የሚለው ቃል በሦስቱም ወረቀት ላይ «ቶርን» ተብሎ ተጽፏል፤ የጻፋቸው አንድ እጅ ነው ማለት ነው። ይህን አይታ እንዳላየች ልታልፈው ትችል ነበር፤ ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ጉዳዩ የከረረው ዕቃው መጋዘን ሳይገባ ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ ፈርሚ ስትባል ነው። አልፈርምም አለች። «አርፈሽ እንጀራሽን ብዪ» ያሏት ነበሩ፤ እሷ ግን ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ በጽሑፍ አመለከተች። የክፍሉ ኃላፊ ደግ ሰው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የእሱንም ምዘና የሚሞላው ያው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። ማመልከቻዋ ወደ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ ሌላ ደብዳቤ ወረደ፦ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከከተማው ዳር ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛውራለች። የቀረውን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ሳልነግረው ያውቀዋል። የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ ወረደ፣ ሥልጠና ሲመጣ ስሟ ጠፋ፣ አዲስ መዋቅር ሲሠራ ምደባ ካላገኙት ዝርዝር ውስጥ ገባች። ማንም አልዛተባትም፣ ማንም ሽጉጥ አላሳያትም። የደረሰባት ሁሉ በመዝገብ ቤት በኩል፣ የወጪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በፊርማና በማኅተም የደረሰ ነው።

አሁን ሕጉን እንክፈት። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በሩን አልፎ ለገባ ሰው የሚሰጠው ጥበቃ ቀላል አይደለም፤ መኖሪያ መቀየር አለ፣ ማንነት መለወጥ አለ፣ ከመጋረጃ ጀርባ መመስከር አለ። የበሩ ጥበት ነው ችግሩ። የሚጠቆመው ወንጀል 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ያለ ጠቋሚው መረጃ በሌላ መንገድ ሊደረስበት የማይችል መሆን አለበት። በዚያ ላይ በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነጻነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ እንደሚደርስ መታመን አለበት።

እንግዲህ ያቺ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ከመጠቆሟ በፊት የወንጀል ሕጉን ገልጣ፣ ያልገባው ቶነር ስንት ዓመት እንደሚያስቀጣ አስልታ፣ 10 ዓመት ከሞላ መጠቆም፣ 9 ዓመት ከሆነ ደግሞ መፈረም ነበረባት ማለት ነው? ዝውውሩስ ከሕይወት፣ ከአካል፣ ከነጻነትና ከንብረት የትኛው ውስጥ ይገባል? ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ሁለት ሰዓት ሥራ ትገባ የነበረች እናት ሦስት ታክሲ እንድትቀያይር መደረጓ በአዋጁ ዓይን አደጋ አይደለም። አዋጁ በሩ ላይ የሚጠይቀው ስለ ጥይት ነው፤ የእኛ አገር የቢሮ ሰው የሚፈራው ደብዳቤን ነው። ሕጉ የተሰፋው የነፍስ ግድያና የተደራጀ ወንጀል ምስክርን ልክ ለክቶ ይመስለኛል። ለዚያ ይሁን፤ መኖሩም ደግ ነው። ለመሥሪያ ቤት ጠቋሚ ግን ልኩ አይደለም።

ይህ የትናንሽ ግዥዎች ወሬ እንዳይመስላችሁ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲነግረን አገር ሁሉ በድንጋጤ አፉን ያዘ። እኔ የገረመኝ ሌላ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ወረቀት በስንት እጅ ያልፋል? ጸሐፊዋ፣ ገንዘብ ያዡ፣ የግዥ ባለሙያው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ሾፌሩ ሳይቀር ያያል። የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም ለዓመታት የተዘጋው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተቋቋመ። የጠቋሚው ሕግ ግን ያው በ2003 የወጣው ነበር። የየመሥሪያ ቤቱ የጥቆማ ሳጥንም ያው በር ላይ፣ ጥበቃው ፊት ለፊት እንደተሰቀለ ነው። (ውስጡን አንዴ ከፍተን ያገኘነው የማስቲካ ወረቀት ነበር።)

ከውስጥ ያሉት በሮች ሲዘጉ ሰው ወደ ጋዜጠኛ ይሄዳል። የሁለቱን ጉዳይ በአንድ ደብዳቤ ያነሳሁትም ለዚህ ነው። አዋጅ 699 የተሠራው መረጃውን ለሕግ አስከባሪ ለሚሰጥ ሰው ነው፤ ሰነዱን ለጋዜጠኛ ስለሚሰጥ ሠራተኛ ነገሬ አይልም። ጋዜጠኛውም በፊት ለፊት በር ገብቶ መረጃ እንዳያገኝ ሆኗል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል የመረጃ ጥያቄ ሲቀርብለት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ አፈጻጸሙንም እንባ ጠባቂ ተቋም ይከታተላል። ቢሮ ሄዳችሁ ሞክሩት፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ትባላላችሁ። ስለዚህ ዜናው የሚወጣው በጓሮ በር፣ የራሱን እንጀራ አደጋ ላይ በጣለ ሠራተኛ በኩል ነው። ያ ሠራተኛ ያለው ብቸኛ ከለላ የጋዜጠኛው አፍ ነው። የጋዜጠኛው ስልክ ፖሊስ እጅ በገባ ማግስት ግን የአፍ መጨከን ዋጋ የለውም፤ ቴሌግራሙ ውስጥ ሁሉም አለ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 አንቀጽ 86 በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ታስሮ ሳይቆይ ጉዳዩ በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። ስም ማጥፋትንም ከወንጀልነት ያወጣው ይኸው አዋጅ ነው፤ ይመስገን። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎት ሄዶ ያደመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማል። መርማሪው 14 ቀን ይጠይቃል፤ ያልቃል፤ ደግሞ 14 ቀን ይጠይቃል። ጠበቃ አንቀጽ 86ን ሲጠቅስ «ጉዳዩ የሚዲያ ሳይሆን ሁከት የማነሳሳት ነው» ይባላል፤ ወይም «ተጠርጣሪው ዩቲዩብ ላይ እንጂ በተመዘገበ መገናኛ ብዙኃን አልሠራም» ይባላል። ለዩቲዩቡ ሰው ደግሞ ሌላ አዋጅ ተዘጋጅቶለታል፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨውን እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ለመታሰር ሲሆን ብዙ ተከታይ ያለው ሚዲያ፣ ለመጠበቅ ሲሆን ተራ ግለሰብ። አንቀጽ 86ን የጣሰ መርማሪ ደግሞ ምን እንደሚደርስበት የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የአስቸኳይ ጊዜውን ነገር ብዙ አላብራራም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ከታወጀው በኋላ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ክስ ሳይመሠረትባቸው ወራት የከረሙ ጋዜጠኞች እንደነበሩ እናንተም ታውቃላችሁ። በሚያዝያ 2017 ምክር ቤታችሁ አዋጅ 1238ን ሲያሻሽል ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣንን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወደ ባለሥልጣኑ ራሱ ማዛወሩም አላስደሰተኝም። በ2011 የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀን እዚሁ አዲስ አበባ ሲከበር፣ አገራችን በድንበር የለሽ ጋዜጠኞች ደረጃ ከ150ኛ ወደ 110ኛ በአንድ ዓመት ከፍ ብላ ነበር። ያን ጊዜ የሆነው ነገር የማይቻል እንዳልነበረ ለማስታወስ ያህል ነው ያነሳሁት።

የምጠይቃችሁ ለመሥሪያ ቤት ጠቋሚ ራሱን የቻለ ሕግ ነው። አዋጅ 699ን በመጠጋገን የሚሆን አይመስለኝም። የ10 ዓመቱ መስፈርት ይቅር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ይገልበጥ፦ አንድ ሠራተኛ ከጠቆመ በኋላ ቢዛወር፣ ከደረጃው ዝቅ ቢል፣ ምደባ ቢያጣ፣ እርምጃው ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ ማስረዳት ያለበት መሥሪያ ቤቱ ይሁን። ሠራተኛዋ የአለቃዋን ሐሳብ በምን ታስረዳለች? «ለሥራው ቅልጥፍና» የሚል ደብዳቤ ላይ ቂም አይጻፍም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህንኑ አድርጓል፤ ጥቆማው በሦስት ወር ውስጥ ተገቢ ምላሽ ካላገኘም ጠቋሚው ወደ አደባባይ ቢያወጣው ይጠበቃል። እኛም እንዲህ ያለ የመጨረሻ በር ያስፈልገናል፤ የወታደራዊ ምስጢር በግልጽ ተለይቶ ይቀመጥ፣ የፕሮፎርማ ማጭበርበር ግን ምስጢር አይባል። የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎችም ተጠሪነታቸው ከየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወጥቶ ለፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሁን።

ለጋዜጠኛው አዲስ መብት አልጠይቅም፤ የተጻፈው ይከበርለት። አንቀጽ 86 የጋዜጠኝነት ሥራ ለሚሠራ ሁሉ፣ ለዩቲዩቡም፣ እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ ጥሶ ያሰረ መርማሪም በስሙ ይጠየቅ። የጋዜጠኛን ስልክ ምንጩን ለማግኘት ብሎ መበርበር ይከልከል።

ይህ ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ አገራችን ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የፀረ ሙስና ስምምነት አንቀጽ 5 ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ ሕግ የማውጣት ግዴታ ጥሎብናል። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

በቂም፣ በዘር ወይም በሹመት ሽኩቻ የሚጠቁም የለም አልልም፤ ሞልቷል። እያወቀ የዋሸ ይቀጣ። በቅን ልቦና ጠቁሞ የተሳሳተ ግን አይቀጣ፤ አለዚያ ማንም አፉን አይከፍትም። የጋና ሕግ ከተመለሰው ገንዘብ 10 በመቶ፣ የኡጋንዳ 5 በመቶ ለጠቋሚ እንዲከፈል ይፈቅዳል፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ እኛ ጋ የጥቆማ ነጋዴ ይፈጥራል ብዬ እሰጋለሁ። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ። ደቡብ አፍሪካ ጠቋሚን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጤና ቢሮ ውስጥ የተጠረጠሩ ክፍያዎችን ያጋለጠችው ባቢታ ዲዮካራን ግን በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ውስጥ ቤቷ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገድላለች። ስለዚህ ሕጉን የሚያስፈጽም ክፍልና በጀት አብሮ ይታሰብበት።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ነገር። ረቂቅ አዘጋጅታችሁ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ስትጠሩ፣ የጥሪ ደብዳቤውን ለየመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አትላኩት። ኃላፊው የሚወክለውን ሰው እሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠው ደግሞ የማይናገረውን ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጥሩ። የንብረት ክፍል ሠራተኞች፣ ገንዘብ ያዦችና የመዝገብ ቤት ሰዎች ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዲመጡ ቅዳሜ አድርጉት፤ በር ላይም የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አትጠይቋቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም