የእንግሊዝኛ ግጥም ክበብ የዘንድሮ ሥራ

ክበባችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ክፍት ሲሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ይሰበሰባል። ዘንድሮ የጸናንበት ደንብ አንድ ነው፦ ከምናነበው ግጥም ያወጣነውን ብልሃት ያንኑ ዕለት በራሳችን ስንኝ ላይ እንሞክረዋለን። ትንተናና ድርሰት ለየብቻ ሲሄዱ ትንተናው የፈተና ማለፊያ፣ ድርሰቱም የብሶት መወጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሰዓቱ የሚከፋፈለው እንዲህ ነው፦ 10 ደቂቃ ንባብ፣ 20 ደቂቃ ትንተና፣ 20 ደቂቃ ጽሑፍ፣ የቀረው 10 ደቂቃ ደግሞ የተጻፈውን ማሰማት። ግጥሙን ሁለት ተማሪዎች በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። አንደኛው ያረፈበት ቦታ ላይ ሌላው ሳያርፍ ሲያልፍ ክርክሩ እዚያው ይጀመራል። አብዛኛው አንባቢ ሥርዓተ ነጥብ ባይኖርም እንኳ በየስንኙ መጨረሻ ይቆማል፤ ሐሳቡ ወደ ቀጣዩ ስንኝ የሚሻገርበት ግጥም ላይ ይህ ልማድ ትርጉሙን ይቆራርጠዋል። ስለዚህ የምንቆመው ነጠላ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብ ባለበት ነው፤ በስንኝ ማብቂያ ላይ ድምፅን ጥቂት ማንጠልጠል ይበቃል።

ትንተናው የሚጀምረው ከዘይቤ አይደለም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ማን እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚናገርና ምን እንደሆነ በሁለት ወይም በሦስት ተራ ዓረፍተ ነገሮች ይጽፋል። “እኔ” የሚለው ተናጋሪ ገጣሚው ራሱ ነው ብሎ መነሣት ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ስህተት ነው፤ ገጣሚ በሽማግሌም፣ በሟችም፣ በወንዝም አፍ ሊናገር ይችላል። ቀጥሎ መታጠፊያውን፣ ማለትም ሐሳቡ አቅጣጫ የሚለውጥበትን ቦታ፣ እንፈልጋለን። “ግን”፣ “ሆኖም”፣ “እንግዲህ” የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የጊዜ መለወጥ፣ ከመግለጽ ወደ መጠየቅ መሻገር ሁሉም ምልክቶች ናቸው። 14 ስንኝ ባለው ሶኔት ውስጥ የጣሊያኑ ዓይነት ብዙውን ጊዜ 9ኛው ስንኝ ላይ ይታጠፋል፤ የሼክስፒር ዓይነት የሚባለው ደግሞ መታጠፊያውን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ማቆየት ይወዳል። መታጠፊያውን ያገኘ ተማሪ ጭብጡን ለማግኘት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጭብጥም በአንድ ቃል አይጻፍም። “ፍቅር” ርእሰ ጉዳይ ነው፤ ግጥሙ ስለ ፍቅር ምን እንደሚል የሚገልጽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልመጣ ጭብጥ አልተገኘም።

ዘይቤ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። “ገጣሚዋ ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅማለች፤ ይህም ግጥሙን ውብ አድርጎታል” የሚለው ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ግጥም ላይ ቢለጠፍ ይስማማል፤ ስለዚህ ምንም አላለም። በክበቡ ውስጥ የዘይቤውን ስም ብቻ የጠራ ሰው ነጥብ አያገኝም፤ ቃሉን ነጥሎ ማውጣትና ያ ቃል በሌላ ቢተካ ምን እንደሚጎድል ማሳየት አለበት። ነፋስ በር “አንኳኳ” ሲባል ፈቃድ የሚጠይቅ እንግዳ አለ፤ ከውስጥም የሚከፍት ሰው ይጠበቃል። “ገፋ” ቢባል ግን ነፋሱ ባለጉልበት ነው፤ ቤቱም ሰው ይኑርበት አይኑርበት ግድ አይሰጠውም። ሁለቱም ሰውኛ ናቸው፤ ግጥሙ ግን በአንድ ግስ ምክንያት ሌላ ግጥም ይሆናል። ይህን የመተካት ፈተና የለመዱ ተማሪዎች የፈተና መልሳቸው አጠረ፣ ውጤታቸው ግን ከፍ አለ።

ምት ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍተናል፤ የሚገባውም ነበር። የእንግሊዝኛው ባለ አምስት ምት ስንኝ 10 ቀለም (የድምፅ ክፍል) አለው ሲባል ተማሪዎች በጣት ቆጥረው 10 ላይ ሲደርሱ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ዋናው ግን ከ10ሩ ውስጥ ጠበቅ ብለው የሚነገሩት አምስቱ የት እንዳረፉ ነው። “ሪኮርድ” ስም ሲሆን ጥብቀቱ የመጀመሪያው ቀለም ላይ፣ ግስ ሲሆን ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ ቃሉን ያለቦታው ያስገባ ተማሪ ቆጠራው ልክ ሆኖ ንባቡ ያነክስበታል። መድኃኒቱ ስንኙን እንደ ግጥም ሳይሆን እንደ ተራ ወሬ እየተናገሩ ጠረጴዛ መምታት ነው። ያጠራጠረውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ ደግሞ አያሳፍርም፤ ጥብቀቱ የሚጀምርበትን ቀለም ከፊቱ የምትገኘው ትንሽ ጭረት ታመለክታለች።

ቤት መምታትም የራሱ ወጥመድ አለው። በአማርኛ የመጨረሻው ፊደል ከገጠመ ቤቱ ተመታ፤ በእንግሊዝኛ ግን መግጠም ያለበት ከመጨረሻው ጥብቅ አናባቢ አንሥቶ ያለው ድምፅ ሁሉ ነው። በየግሱ ጫፍ ላይ “ኢንግ” እየቀጠሉ ሙሉ ግጥም የሚጽፉ ልጆች ቤት የመቱ ቢመስላቸውም ያገናኙት ጥብቀት የሌለውን ጭራ ብቻ ነው። አጻጻፍም ያታልላል፦ “ላቭ” እና “ሙቭ” በእንግሊዝኛ ፊደል ጫፋቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው ይለያያል፤ “ብሉ”፣ “ሹ” እና “ስሩ” ደግሞ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አንድ ቤት ይመታሉ። ማመን ያለብን ጆሮን ነው።

ከኤሚሊ ዲኪንሰን (1830–1886) ጋር የቆየንበት ጊዜ ለምት ትምህርት የተመቸ ነበር፤ ብዙዎቹ ግጥሞቿ 8 እና 6 ቀለም በሚፈራረቁበት የመዝሙር ስልት ላይ የቆሙ ናቸውና። ከዚያ በላይ ግን ስለ ቅጂ አስተማረችን። ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋ በሕይወት ሳለች የታተሙላት ጥቂት ናቸው። ከሞተች በኋላ በ1890 የወጣው የመጀመሪያው ስብስብ አዘጋጆች በሰረዝ የተሞላውን ሥርዓተ ነጥቧንና አንዳንድ ቃላቷን አስተካክለዋል፤ ሰረዞቿ በሰፊው የተመለሱት በ1955 በወጣው እትም ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። ስለ ሰረዝ የሚተነትን ተማሪ ሰረዝ የሌለበትን ቅጂ ይዞ ከመጣ ክርክሩ ከንቱ ነው። አሁን እያንዳንዱ የሚመጣ ግጥም ግርጌው ላይ ከየትኛው እትም እንደተቀዳ ይጻፍበታል።

በጽሑፍ በኩል ምርጡ ጀማሪ ልምምድ “ወርቃማው አካፋ” የሚባለው ሆኗል፤ አሜሪካዊው ገጣሚ ቴራንስ ሄይስ የፈጠረው ነው። ከወደድነው ግጥም አንድ ስንኝ እንወስድና እያንዳንዱን ቃል በተራው የራሳችን ስንኝ መጨረሻ እናደርገዋለን። መድረሻው ስለተሰጠ ቤት ፍለጋ ቃል ማጣመም ይቀራል። ምርጫው ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ ከ6 እስከ 10 ቃል ያለው፣ መስተዋድድ ያልበዛበት ስንኝ ይሻላል፤ በየመጨረሻው “ኦፍ” እና “ዘ” ከተደረደሩ ግጥሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምንጩን ከርእሱ ሥር መጥቀስም ግዴታ ነው። ቪላኔል የሚባለውን የግጥም ዓይነት የሞከሩት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። 19 ስንኝ አለው፤ የመጀመሪያው ስንኝ 6ኛ፣ 12ኛና 18ኛ ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ 9ኛ፣ 15ኛና 19ኛ ላይ ይመለሳል። የከሸፉት አብዛኞቹ የከሸፉት ተመላሹ ስንኝ ተዘግቶ ያለቀ ፍርድ በመሆኑ ነው፤ አራት ጊዜ ሲሰማ አራቱም ጊዜ ያው ነው። ሥርዓተ ነጥቡ ሲለወጥ ትርጉሙ የሚዞር ስንኝ የመረጡት ግን ዳር አድርሰውታል።

እርማት ላይ የምንሠራበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቀላል። አንድ የክበቡ አባል በእንግሊዝኛ የጻፈው የመጀመሪያ ስንኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ “ብቸኝነት ልቤን እንደ ጨለማ ሸፈነው” ይል ነበር። ጓደኞቹ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ካሜራ ቢኖር ምን ይቀርጽ ነበር? ከሁለት እርማት በኋላ ስንኙ “ጠዋት ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ፣ አንዱን መለስኩት” ሆነ። ብቸኝነት የሚለው ቃል ጠፋ፤ ብቸኝነቱ ግን መጣ። በውይይቱ ጊዜ ጸሐፊው አይናገርም፤ ሌሎቹ መጀመሪያ ያዩትን፣ ቀጥሎ ያልገባቸውን፣ በመጨረሻ ብቻ የሚመክሩትን ይናገራሉ። ጸሐፊው “እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው” ብሎ ከገባ ወረቀቱ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች በእጅ ሸፍኖ ማንበብም የዘወትር ፈተናችን ነው፤ ግጥሙ ሳይጎድል ከቀረ የተሸፈኑት ይሰረዛሉ። ከሁሉ ቶሎ የሚሰረዘው ትምህርት የሚሰጠው መዝጊያ ነው።

ግጥም ወደ ውጭ ስለመላክ። ከ11 እስከ 17 ዓመት ላሉ በየትኛውም አገር ለሚኖሩ ወጣቶች ክፍት የሆነው የእንግሊዙ የፎይል ወጣት ገጣሚያን ሽልማት የመመዝገቢያ ክፍያ አይጠይቅም፤ በየዓመቱም 100 ያህል ግጥሞችን ይመርጣል። የማብቂያ ቀኑን በየዓመቱ ከራሱ ከአዘጋጁ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለሁሉም ውድድር የሚሠሩ ጥቂት ነገሮች አሉ፦ የስንኝ ብዛት ገደቡን ማንበብ፣ ዳኞች ስም ሳያዩ የሚመዝኑ ከሆነ ስምን ከግጥሙ ገጽ ማውጣት፣ የትኛው ግጥም የት፣ መቼ እንደተላከ በሠንጠረዥ መያዝ። አንድን ግጥም ለሁለት ቦታ መላክ የሚፈቀደው ደንቡ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ከተፈቀደም አንዱ ሲቀበል ለሌላው ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። የላከውን ሁሉ “ተመርጠሃል” ብሎ መጽሐፉን እንዲገዛ ከሚወተውት መድበል መራቅ ይበጃል፤ ገቢው የሚመጣው ከአንባቢ ሳይሆን ከራሳቸው ከጸሐፊዎቹ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው የኅትመት ጉዳይ ነው። ብዙ መጽሔቶችና ውድድሮች በማኅበራዊ ገጽ ላይ የተለጠፈን ግጥም እንደታተመ ቆጥረው አይቀበሉም፤ የትምህርት ቤት መጽሔትንም እንዲሁ የሚቆጥሩ አሉ። በዚህ የመጽሔታችን እትም የአንዳንድ አባሎቻችን ምርጥ ሥራ ያልታየው በዚህ ምክንያት ነው፦ ግጥሞቹ ተልከው መልስ በመጠበቅ ላይ ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት መግባት የሚፈልግ ተማሪ የሚወደውን አንድ የእንግሊዝኛ ግጥም ከነእትሙ፣ ያልጨረሰውን አንድ የራሱን ግጥም ደግሞ ከነስርዝ ድልዙ ይዞ ይምጣ።